የዘነጋው ሰው እና ምስክሮቹ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ወጣቶች የቆዩ ፊልሞችን ያሳያሉ። በቅርቡ ያሳዩት በ1959 የተሠራውን «ሊበል» የተባለ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ በአማርኛ «ስም ማጥፋት» ሊባል ይችላል። ከተመልካቾቹ አንዷ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ስትሆን የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ናት። ፊልሙ ሲያልቅ ሁለቱ ቁጭ ብለው የተጨዋወቱት እንደሚከተለው ቀርቧል። በጨዋታው ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ፊልሙን ወድጄዋለሁ፤ መጨረሻው ግን አናዶኛል።

መምህሩ፦ ምኑ አናደደሽ?

ነርሷ፦ ሰውዬው ያን ያህል ዓመት ያጣው ትዝታ በአንድ ሌሊት ሙሉ ሆኖ ተመለሰለት። ያውም ፍርድ ሊሰጥ ሲል፣ ጭንቀቱ ጫፍ ሲደርስ። እኔ ጋ ሕመምተኛ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች የሚጠብቁት ይኼንኑ ነው። ልጃቸው ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎድቷል፤ የአደጋውን ቀንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሳምንታት አያስታውስም። «አንድ ነገር ብናስደነግጠውስ?» ይሉኛል። «ደግሞ ቢመታ ይመለስለት ይሆን?» ብሎ በቅንነት የጠየቀኝም አለ። ሁለተኛ ምት ሁለተኛ ጉዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሰው ይኼን ሐሳብ ከአያቱ አልሰማውም፤ ያየው ፊልም ላይ ነው።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ። ግን ተረኛ ስለነበርሽ የደረስሽው ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያውን ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂ። ሰር ማርክ ሎደን የሚባል መኳንንት አለ። ትልቅ ርስትና ግቢ አለው፤ የሚወዳት ሚስት አለችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ማርከውት ነበር። ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን መጥቶ ግቢውን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ አብሮት ታስሮ የነበረ አንድ ካናዳዊ በመስኮቱ ያየዋል። «ይህ ሰው ሎደን አይደለም» ይላል። ለካ በምርኮኞቹ ሰፈር ፍራንክ ዌልኒ የሚባል፣ ሎደንን ቁርጥ የሚመስል ተዋናይ ነበር። ሦስቱ አብረው አመለጡ፤ በጉም ውስጥ ተኩስ ተሰማ፤ ከሁለቱ መንታ መሳዮች አንዱ ብቻ አገሩ ገባ። ካናዳዊው «የገባው ዌልኒ ነው፤ ሎደንን ገድሎ ስሙንም ቤቱንም ሚስቱንም ወረሰ» ብሎ በጋዜጣ ያወጣዋል። ሎደንም ስሜ ጠፋ ብሎ ይከሳል። ችግሩ፣ ከጦርነቱ በፊት ስለነበረው ሕይወቱ ሲጠየቅ ብዙውን አያስታውስም።

ነርሷ፦ ስለዚህ ከሳሹ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ።

መምህሩ፦ ለራሱም ጭምር ተጠርጣሪ ሆነ! የፊልሙ ኃይል እዚያ ላይ ነው። «እኔ ሎደን ነኝ» ይላል፤ ግን ሌሊት በቅዠት ሲባንን እርግጠኛ አይደለም። አንቺ የሕክምናውን ስሕተት ታያለሽ፤ እኔ ደግሞ ይኼን ፍርሃት አያለሁ። ሰው የረሳው ሰዓት ውስጥ ምን እንዳደረገ ካላወቀ፣ ምንም ነገር አድርጎ ሊሆን ይችላል። በ1947 የተሠራው «ዘ ኦክቶበር ማን»ም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጆን ሚልስ የሚጫወተው ኬሚስት በአውቶቡስ ላይ የወዳጆቹን ልጅ በመሐረብ ጥንቸል እየሠራ ሲያጫውት አደጋ ይደርሳል፤ ሕፃኗ ትሞታለች፣ እሱ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ይተኛል። ከወጣ በኋላ በሚኖርበት የኪራይ ቤት ያለች ጎረቤቱ ተገድላ ስትገኝ ሁሉም ወደ እሱ ይጠቁማል። እሱም «እኔ አላደረግሁም» ለማለት አፉን ሞልቶ አይናገርም። «ሆም አት ሰቨን» በሚለው የ1952 ፊልም ደግሞ አንድ የባንክ ጸሐፊ እንደ ወትሮው ከሥራ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱ እያለቀሰች ትቀበለዋለች። አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቶ ነው የመጣው፤ እሱ ግን አያውቀውም። በዚያ ቀን ገንዘብ ተሰርቋል፣ ሰውም ተገድሏል። ራልፍ ሪቻርድሰን ተዋናይም ዳይሬክተርም ሆኖ የሠራው ነው፤ በሕይወቱ ያዘጋጀው ብቸኛ ፊልም።

ነርሷ፦ ሦስቱም እንግሊዞች፣ ሦስቱም ከጦርነቱ በኋላ።

መምህሩ፦ አንዱ ምክንያት እዚያ አለ። የ«ሊበል» ቲያትር መጀመሪያ የታየው በ1934 ነው፤ ጠበቃ በነበረው በኤድዋርድ ዉል የተጻፈ። ያኔ ጦርነቱ አንደኛው ነበር። ፊልሙ ሲሠራ ወደ ሁለተኛው ጦርነት አዛወሩት፤ ታሪኩ ሳይሰበር ተሻገረ። አንድ ድርሰት ከአንዱ እልቂት ወደ ሌላው ሲዛወር ምንም የማይጎድለው ከሆነ፣ ያ አገር ስንት ሰው እንደዚያ ሆኖ እንደተመለሰለት ይገባሻል። ዳይሬክተሩ አንተኒ አስኪዝ ደግሞ እንግሊዝን በ1914 ወደ ጦርነቱ ያስገባው የጠቅላይ ሚኒስትር አስኪዝ ልጅ ነው። የአባቱ ልጅ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሬይመንድ በ1916 ሶም ላይ ተገድሏል። እንዲህ ያለ ሰው የጠፋና የተመለሰ ወታደር ታሪክ ሲሠራ ለመዝናኛ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ነርሷ፦ እኛም በትምህርት ላይ የምንጀምረው ከዚያው ጦርነት ነው። ቻርልስ ማየርስ የሚባል ሐኪም በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ሦስት ወታደሮች ጻፈ። ከባድ መሣሪያ አጠገባቸው ፈንድቶ ማየት፣ ማሽተትና ማስታወስ የተቸገሩ ናቸው። «ሼል ሾክ» የሚለው ስም በሕክምና ጽሑፍ የገባው በዚያ ነው። ስለዚህ ጦርነት ትዝታን ይነጥቃል ማለት የደራሲ ፈጠራ አይደለም። እኔ የምቃወመው አነጣጠቁንና አመላለሱን ነው። ፊልም ላይ ሰው ስሙን፣ ሚስቱን፣ ልጅነቱን ይረሳል፤ የዛሬውን ግን አንድ ሳይቀር ይይዛል፤ አዲስ ሥራ ይለምዳል፣ አዲስ ሴት ይወዳል። ጭንቅላት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የሩቁ ይቀራል፣ የቅርቡ ይሄዳል። ስሙን ያውቃል፤ የእናቱን መንደር ያውቃል፤ ጠዋት ቁርስ መብላቱን ግን አያውቅም። ሳሊ ባክሰንዴል የምትባል እንግሊዛዊት የነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያ በ2004 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ፊልሞችን እየመዘነች ጽፋለች። ብዙዎቹን ወድቃችኋል ስትል፣ ካሞገሠቻቸው ጥቂቶች አንዱ የልጆች ካርቱን ነው፤ «ፋይንዲንግ ኒሞ»ን ማለቴ ነው። ሰማያዊዋ ዓሣ አሁን የሰማችውን አሁን ትረሳለች፤ ሌሎቹ ይሰለቿታል፤ ሲተዋት ትጠፋለች። ሕመሙ ያ ነው።

መምህሩ፦ ሰው ሆኖ እንደዚያች ዓሣ የሚኖር አለ?

ነርሷ፦ አለ እንጂ! እዚያው እንግሊዝ አገር። ክላይቭ ዌሪንግ ይባላል፤ ሙዚቀኛ ነው፤ ለቢቢሲ ይሠራ የነበረ፣ የጥንት መዝሙሮችን ያጠና የነበረ፣ መዘምራን ይመራ የነበረ። በ1985 ከንፈር ላይ የምናየውን ቁስል የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ አንጎሉ ውስጥ ገባ። እንደዚያ የሚሆነው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው። አዲስ ትዝታ የሚሠራውን ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል አወደመበት። ከዚያ በኋላ አንድን ነገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ መያዝ አልቻለም። ማስታወሻ ደብተር ነበረው። «አሁን ገና ነቃሁ» ብሎ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ከላይ ያለውን ያነባል፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስለዋል፣ ይሰርዘዋል፤ ከሥሩ «አሁን በእውነት ነቃሁ» ብሎ ይጽፋል። ገጽ በገጽ እንደዚህ።

መምህሩ፦ እግዚኦ!

ነርሷ፦ ግን ሚስቱ ዴቦራ በበሩ ስትገባ ያውቃታል። ከመታመሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው የተጋቡት። ወጥታ ከደቂቃ በኋላ ስትመለስ እንደ አዲስ፣ ለዓመታት እንዳላያት ዘሎ ያቅፋታል። ፒያኖ ፊት ካስቀመጡት ደግሞ ይጫወታል፤ መዘምራን ፊት ካቆሙት ይመራል። እጅ የለመደው ነገርና ልብ የያዘው ሰው የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። ቀኑና ወሩ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ያ ጠፋ። ፊልሙ እንደሚያሳየን ትዝታ አንድ የተቆለፈ ሣጥን ቢሆን ኖሮ ወይ ሁሉም ይገኛል ወይ ሁሉም ይጠፋል። ክላይቭ ላይ የሆነው እንደዚያ አይደለም።

መምህሩ፦ ያ ሰው ግን ለአንጠልጣይ ፊልም አይሆንም። የሚፈታ እንቆቅልሽ የለውም።

ነርሷ፦ አዎ፤ የለውም። ታዲያ ፊልም ሠሪ ለእንቆቅልሽ ሲል በሽታውን ይለውጠዋል፤ ዕዳውን የእኔ ሕመምተኛ ይከፍላል። ሌላም ዕዳ አለ። ፊልም ላይ የሚረሳ ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ወንጀል አለበት። ስለዚህ አባት ልጁን «አውቆ ነው፤ ሥራ ላለመሥራት ነው» ይለዋል። አሠሪ ያባርረዋል። መርሳት እንደ ውሸት ይቆጠራል።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከርሽ። ጥርጣሬውን ፊልም አልፈጠረውም። አጋታ ክርስቲን አስቢ። የምርመራ ልቦለድ ደራሲዋ በታኅሣሥ 1926 መኪናዋን መንገድ ዳር ትታ ጠፋች። መላ አገሪቱ ፈለጋት። ከ11 ቀን በኋላ በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሮጌት ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ተገኘች። የተመዘገበችው በሌላ ስም ነበር፤ የአባቷ ስም ብላ የሰጠችው የባሏን ውሽማ የአባት ስም ነው። እናቷ በዚያው ዓመት ሞታለች፤ ባሏ ልፈታሽ ብሏታል። ቤተሰቧ ትዝታዋን አጥታለች አለ። ጋዜጣውና አንባቢው ግን ግማሹ ለመጽሐፏ ማስታወቂያ ነው፣ ግማሹ ባሏን ለማስከሰስ ነው አለ። ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ ማለት ነው። ሰው የማያየውን ቁስል አያምንም።

ነርሷ፦ እንደ እሷ ያለው አለ፤ ያልተለመደ ቢሆንም አለ። አንጎል ሳይቆስል፣ ልብ ሊሸከመው ካልቻለው ነገር ሰው ራሱን ለይቶ ይሄዳል። ከስሙም ጭምር። ስለ እሷ የማላውቀውን አልፈርድም። እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ዋሸህ» አንለውም። በደህና ቦታ እናስተኛዋለን፤ እናበላዋለን፤ የሚያውቀው ሰው እንፈልጋለን።

መምህሩ፦ የሚያውቀው ሰው! እሱን ልልሽ ነበር። ፊልሙን ሳይ የገረመኝ ያ ነው። ሎደን ቤቱ ውስጥ ነው ያለው፤ ሚስቱ አጠገቡ ናት፤ መሬቱ ስንት ትውልድ የአያቶቹ ነው። ይኼ ሁሉ ቆሞ ማንነቱን የሚያውቅለት አጣ። ዳኛና ጠበቃ ያስፈልገዋል። እዚህ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ወላይታ ውስጥ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው የሚጠየቀው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም። የማን ልጅ ነህ፣ አያትህ ማን ነው፣ ቆሞህ ምንድን ነው ይባላል፤ ጎሳህ ማለት ነው። ጎሳዎቹ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ይመደባሉ፤ ከገዛ ጎሳ ጋብቻ ነውር ስለሆነ ይኼን ማወቅ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ሰውዬው ቢረሳ እንኳ የሚያስታውሱለት አሉ። ሎደን የጠፋው ትዝታውን ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ትዝታውን የሚይዝለት ሰው ስላልነበረው ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ይኼ በመንደር ልክ ነው። በከተማችን ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሶዶ መስቀለኛ መንገድ ናት። ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ በዳውሮ በኩል ከጅማ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ፖሊስ ከመናኸሪያ አንስቶ ያመጣው፣ ስሙን የማይናገር ሰው ይገጥመናል። ካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል። ያኔ የሚሠራው ምን መሰልዎት? በአማርኛ እናናግረዋለን፣ በወላይትኛ፣ በጋሞኛ፣ በሀዲይኛ፣ በኦሮምኛ። አንዷ ጽዳት ሠራተኛ ወይም አንዱ አስታማሚ ያጉተመተመውን ቃል ሰምቶ «ይኼ የእኛ አገር ሰው ነው» ይላል። ከዚያ ስልክ መደወል ነው፤ ቀበሌ ከቀበሌ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን። ቋንቋው ከተገኘ በኋላ ነው እርስዎ ያሉት የጎሳ ጥያቄ የሚጠቅመው። አንዳንዴ ቤተሰብ ይገኛል። አንዳንዴ አይገኝም።

መምህሩ፦ እዚህ ያደገ ልጅስ? አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆኖ የሄደው ስንቱ ነው! ከዚህ ዞን የወጣ ሕፃን ሣጥኑን ይዞ በየመንገዱ ተቀምጧል። ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ወላይትኛው ተሰባብሯል፤ የአጎቱን ልጆች ስም ረስቷል። እሱ በሽታ የለበትም።

ነርሷ፦ የለበትም። የማይነገር ቋንቋ ይደክማል። መደበኛ መርሳት ነው፤ በአንድ ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አገሩ ቢከርም ብዙው ይመለስለታል።

መምህሩ፦ ወደ ሎደን ሚስት ልመለስ። ካናዳዊው ወገን ከጀርመን አገር የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አንድ ሰው ያስመጣል። ፊቱ የተበላሸ፣ የማይናገር፣ ስም ስለሌለው «ቁጥር አሥራ አምስት» የሚባል። እውነተኛው ሎደን ይኼ ነው ይላሉ። ሦስቱንም፣ ሎደንን፣ ዌልኒን፣ ቁጥር አሥራ አምስትን የሚጫወተው አንድ ዲርክ ቦጋርድ ነው። ሚስቱ፣ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ናት፣ ያን የተሰበረ ሰው ስታይ ልቧ ይከዳታል። ምስክር ሣጥን ላይ ቆማ አጠገቧ የኖረውን ሰው ባሌ አይደለም ትላለች። ሎደን የሚሰበረው በጠበቆቹ ጥያቄ አይደለም፤ በዚህ ነው። በዚያው ሌሊት ትዝታው መጣ። የመጣለት ደግሞ ንጽሕናው ብቻ አይደለም። በጉሙ ውስጥ ዌልኒ ሊገድለው ሲመጣ ቀድሞ ቀጥቅጦ የጣለው እሱ ነው። ያ ማቆያ ያለው ፍርስራሽ ሰው የእሱ የእጁ ሥራ ነው።

ነርሷ፦ እሱን ሲያዩ ተመልካቾቹ ዝም አሉ፤ አየኋቸው።

መምህሩ፦ እኔም ዝም ያልኩት እዚያ ላይ ነው። ፊልሙ ግን አይቆይበትም። ኮቱ ውስጥ የተደበቀ ማስረጃ ይወጣል፣ ክሱ ያበቃል፣ ባልና ሚስት ይታረቃሉ። ቁጥር አሥራ አምስት ወዴት ተወሰደ? ማን ያስታምመው ነበር? አልተነገረንም። የእንግሊዙ አንጠልጣይ ፊልም ስንፍናው እዚህ ነው እላለሁ። መርሳትን ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ትዝታ ምን እንደሚያደርግ አይጠይቅም። ይኼን የጠየቀልን የኛው ሰው ነው።

ነርሷ፦ ኃይሌ ገሪማን ሊሉኝ ነው።

መምህሩ፦ «ጤዛ»ን ነዋ! ጎንደር ተወልዶ በ1967 አሜሪካ የገባ ሰው ነው፤ ይኼን ፊልም ለመሥራት ገንዘብ ሲፈልግ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን የወርቅ ፈረስ። እኔ ሽልማቱን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም፤ ስለ አንድ የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የተሠራ ከዚህ የሚበልጥ ፊልም ስለማላውቅ ነው። አሮን አረፈ የሚጫወተው አንበርብር በደርግ መጨረሻ፣ በ1990፣ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው አያውቅም።

ነርሷ፦ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ደግሜ ሳየው ግን ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ነው እውነቱ። አንበርብር ያለፈው ነገር በተራ አይመጣለትም። ሕፃን ይሮጣል፣ ያ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል፤ ጩኸት ይሰማል፣ ኮሎኝ ከተማ ይገባል፤ ይባንናል። በጣም የተጎዳ ሰው የሚያስታውሰው በአንድ በኩል ጎድሎ በሌላ በኩል በዝቶ ነው። የአደጋውን ሰዓት አያውቅም፤ የደሙ ሽታ ግን ሳይጠራ ይመጣበታል።

መምህሩ፦ ልዩነቱን ልብ በይው። «ሊበል» ውስጥ እያንዳንዱ ምልሰት የምስክርነት ቃል ነው። አንዱ ሣጥን ላይ ይወጣል፣ ይምላል፣ ያየውን ይናገራል፣ እኛም ያንን እናያለን። አንድ ጉማም ሌሊት ደጋግሞ ይመጣል፤ በየጊዜው ትንሽ ይገለጣል። ትዝታ እዚያ ማስረጃ ነው። «ጤዛ» ውስጥ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ምልሰቱ ራሱ ሕመሙ ነው። ሲሟላ ደግሞ ነጻ አያወጣም። አንበርብር የሚያስታውሰው ምንድን ነው? በ1970ዎቹ ጀርመን ሲማር ከጓደኞቹ ጋር ያለመውን፤ አገሩ ሲገባ ያ ሕልም እርስ በርስ መገዳደል ሆኖ ማግኘቱን፤ ጓደኛው ተስፋዬ በገዛ ወገኑ እጅ መገደሉን፤ እሱም በስብሰባ ፊት ቆሞ ራሱን እንዲያዋርድ መገደዱን። ከዚያ ጀርመን ተመልሶ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ማጣቱን። ይኼን ሁሉ ያወቀ ሰው «እንኳን አስታወስክ» ሊባል ነው?

ነርሷ፦ ሎደን «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። አንበርብር «ምን አደረግን፣ ምን ተደረግን?» ነው የሚለው። ትዝታው የእሱ ብቻ አይደለም።

መምህሩ፦ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ፊልሙን ሲያዩ የተረበሹት ለዚያ ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2010 ተከፍቷል፤ ፎቶዎቹ፣ አጥንቶቹ፣ ልብሶቹ አሉ። እዚህም የማይረሳ አለን። በ1887 ዓመተ ምሕረት የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲይዝ የሞተውና የተማረከው ሕዝብ፣ ቆስለው ተይዘው አዲስ አበባ የተወሰዱት የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና። ሽማግሌ ይነግርሻል፤ መጽሐፍ ግን ረጅም ጊዜ በሁለት መስመር ሲያልፈው ኖሯል። ታሪኩን ማውራት ቂም መቆስቆስ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ያልተወራው ነገር እንደ አንበርብር ቅዠት በማይሆን ሰዓት ነው የሚመጣው።

ነርሷ፦ አወራሩ ግን ይለያል ጋሼ። ሰውን ሁሉንም በአንድ ቀን ንገረኝ ብሎ ማስጨነቅ ይጎዳል። ፍርድ ቤቱ ሎደን ላይ ያደረገው እሱን ነው። እኛ አንቸኩልም። መጀመሪያ እንቅልፉ ይስተካከል፤ ደህንነት ይሰማው፤ የሚችለውን ያህል ይናገር። አገርም እንደዚያ ይመስለኛል፤ አለመናገርም በግድ ማናገርም ያሳምማል።

መምህሩ፦ እና እናትየዋ? እኔ ልቤ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። የሎደን ሚስት ማረጋገጫ ፈለገች። የአንበርብር እናት አንድም ቀን «አንተ ልጄ ለመሆንህ ምን ማስረጃ አለህ» አላለችም። ጎድሎ መጣ፣ ተቀበለችው።

ነርሷ፦ እናትየዋን እወዳታለሁ፤ ግን መንደሩን አታስጊጡብኝ። ሰዉ ያጉረመርማል፤ ርኩስ መንፈስ ይዞታል ይላል፤ ጸበል ይወስደዋል። እኛ ጋም ያው ነው፤ ኦርቶዶክሱ ጸበል፣ ቃለ ሕይወቱ ጸሎት ቤት ይወስዳል፣ ሆስፒታል መጨረሻ ነው። እኔ ጸበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልም፤ ሰው ሲጸለይለት ብቻውን አይደለም። መድኃኒቱን አታቋርጡ ነው የምለው። የሚያስቆጣኝ በሰንሰለት አስረው ሲያመጡት፣ ወይም እንግዳ እንዳያየው ጓዳ ሲደብቁት ነው። ቤተሰብ ትዝታ ይይዝልሃል ብለዋል፤ ቤተሰብ ከሰው ዓይን ሰውሮም ያስረሳሃል። ደግሞ ያ መያዝ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በእናት፣ በእኅት፣ በሚስት። የክላይቭ ሚስት ዴቦራ ደክሟት የሄደችበት ጊዜ አለ፤ ተፋቱ፤ በኋላ ተመልሳ በ2002 ቃል ኪዳናቸውን አደሱ። ሄዳ ስትመለስ እሱ መሄዷን አያውቅም። ሸክሙን ብቻዋን ታውቀዋለች። እሷን የሚጠይቅ ፊልም አላየሁም።

መምህሩ፦ አዛኑስ? መንደሩ የገፋት፣ እናቱ ቤት የተጠጋችው ሴት። አንበርብርን የምትመልሰው እሷ አይደለችም? ኃይሌ ሴቶቹን ለማስታመም ብቻ አላመጣቸውም፤ አዛኑ የራሷ ቁስል አላት።

ነርሷ፦ እውነት ነው፤ አዛኑን ረስቻት ነበር። ሁለቱ ቁስለኞች ናቸው፤ አንዱ ሐኪም አንዱ በሽተኛ አይደሉም። መጨረሻ ላይም ልጅ ይወለዳል፤ እሱ የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። እግሩ አልበቀለም፤ ቅዠቱም ጨርሶ የሚሄድ አይመስለኝም። ሥራ አገኘ፣ ሰዓት አገኘ፣ የሚጠብቁት ልጆች አገኘ። እኛ የምናውቀው መዳን ብዙውን ጊዜ ይኼን ይመስላል።

መምህሩ፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱን ላሳያቸው አስቤያለሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ መብራት ከፈቀደልን። የተረኝነት ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሎደንና አንበርብር ነገ ጠዋት አንቺ ክፍል ቢመጡ ምን ትያቸዋለሽ?

ነርሷ፦ ሎደንን ስለ ፍርድ ቤቱ አልጠይቀውም። እንቅልፉን፣ ቅዠቱን፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ መጠጡን እጠይቃለሁ። ከዚያ ስለዚያ በጉም ስለደበደበው ሰው ማውራት ሲፈልግ እሰማዋለሁ። ሚስቱንም ለብቻዋ አናግራታለሁ፤ እሷም ሌሊት አትተኛም።

መምህሩ፦ አንበርብርንስ?

ነርሷ፦ እሱን ለእግሩ ወደ ፊዚዮቴራፒ እልከዋለሁ። ለቅዠቱ የሚረዳ ነገር እንጀምርለታለን። ለወር ቀጠሮ እሰጠውና ሲመጣ እናቱንና አዛኑን ይዞ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። እሱ ግማሹን ነው የሚነግረኝ፤ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ስንት ሌሊት እንደባነነ፣ ማንን እየጠራ እንደሚጮህ፣ ምን ሲበላ እንደሚረጋጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።